ሜሞሪ ተጨምሮ ፕሮግራሙ ለምን ይቆማል?

በአንድ የሴሚስተር ማብቂያ ላይ፣ በምንሠራበት የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ውስጥ የሠልጣኞች ውጤት በኮምፒዩተር በመጠናቀር ላይ ሳለ ፕሮግራሙ ድንገት ቆመ። በስክሪኑ ላይ የታየው መልእክት ሜሞሪ እንዳለቀበት የሚገልጽ ነበር። ነገሩ ግልጽ መሰለን፤ ሜሞሪ ካለቀ ሜሞሪ መጨመር ነው። ኮምፒዩተሮቹ እያንዳንዳቸው 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ነበራቸውና ወደ 4 ጊጋባይት ከፍ እንዲሉ የግዢ ጥያቄ ተዘጋጀ። ጥያቄውን ፈርመን ያቀረብነውም እኛው ነበርን። ዕቃው መጥቶ ከተገጠመ በኋላ ያው ፋይል እንደገና ሲከፈት፣ ፕሮግራሙ ከቀድሞው ፈጠን ብሎ ሄደና ልክ በፊት የቆመበት ቦታ ሲደርስ ቆመ። ለቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ፣ ለላቦራቶሪውም ኬሚካል ሊገዛበት ይችል የነበረው ገንዘብ ፈጠን ብሎ ከመቆም በቀር ሌላ አላስገኘም።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ያን ጊዜ ያላወቅነውን ነው። ይኸውም አንድ ፕሮግራም ሊጠቀምበት የሚችለው የሜሞሪ መጠን የሚወሰነው በማሽኑ ውስጥ በተሰካው ሜሞሪ ብቻ አለመሆኑ ነው። የፕሮሰሰሩ አሠራር፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ለራሱ የሚያስቀረው ድርሻ፣ ፕሮግራሙም ራሱ የተጻፈበት ዘመን ሁሉ በጉዳዩ ውስጥ ይገባሉ። ትምህርቱ ለኮምፒዩተር ክፍለ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ለሒሳብ መምህራንም ይጠቅማል ብለን እናምናለን፤ ከ2 ብዜት ያለፈ ሒሳብ አይጠይቅምና።

የአድራሻው ርዝመት

እንደሚታወቀው ሜሞሪ በተርታ እንደተደረደሩ ትናንሽ ሣጥኖች ሊታሰብ ይችላል። እያንዳንዱ ሣጥን አንድ ባይት ይይዛል፤ እያንዳንዱም ከ0 ጀምሮ የተሰጠው ቁጥር አለው። ይህ ቁጥር አድራሻ ይባላል። ፕሮሰሰሩ አንድን ሣጥን ለማንበብም ሆነ በውስጡ ለመጻፍ አድራሻውን መጥራት አለበት።

አንድ የክፍል ኃላፊ መምህር የተማሪዎች መመዝገቢያ ቅጽ ቢያሠራና ለተራ ቁጥር የተተወው ቦታ ሁለት አሃዝ ብቻ የሚያስጽፍ ቢሆን፣ ከ00 እስከ 99 ያሉትን 100 ተማሪዎች ብቻ መመዝገብ ይችላል። 101ኛው ተማሪ ሲመጣ በክፍሉ ውስጥ ባዶ ወንበር መኖሩ አይጠቅመውም፤ የሚጻፍለት ቁጥር የለምና። በ2005 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ የስልክ ቁጥር ከ6 አሃዝ ወደ 7 አሃዝ ያደገው በዚሁ ዓይነት ችግር ነው። አንድ አሃዝ ሲጨመር የቁጥሮቹ ብዛት አሥር እጥፍ ይሆናል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮምፒዩተር የሚቆጥረው በ0 እና በ1 ብቻ ስለሆነ፣ በአድራሻው ላይ አንድ ቢት በተጨመረ ቁጥር የሚጠሩት ሣጥኖች ብዛት አሥር እጥፍ ሳይሆን ሁለት እጥፍ ይሆናል። በ10 ቢት 1,024 ሣጥን መጥራት ይቻላል፤ ይህም አንድ ኪሎባይት የምንለው ነው። በ16 ቢት 65,536 ማለትም 64 ኪሎባይት፣ በ20 ቢት አንድ ሜጋባይት፣ በ32 ቢት ደግሞ 4,294,967,296 ማለትም 4 ጊጋባይት ይሆናል። ተማሪዎች ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ በአንድ እያባዙ እስከ 32 ድረስ እንዲወርዱ ብናደርግ፣ ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ እያዘገመ ቆይቶ በኋላ እንዴት እንደሚፈነጠር በዓይናቸው ያያሉ። እኛ በክፍል ውስጥ ስናደርገው አብዛኛውን ጊዜ 20ኛው ላይ ሲደርሱ ስሕተት ይጀምራል፤ ስሕተቱን መፈለጉም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

በ1970ዎቹ በብዛት የተሠራባቸው ኢንቴል 8080፣ ዚ80 እና 6502 የተባሉት ፕሮሰሰሮች አድራሻቸው 16 ቢት ነበር። ስለዚህ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም ፕሮግራሙም መረጃውም በ64 ኪሎባይት ውስጥ ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር። ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረው ግን በ1970 የወጣው የዲጂታል ኩባንያ ፒዲፒ-11 ነው። ይህ ማሽን በዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ እጅግ የታወቀ ሲሆን፣ በፕሮግራም ውስጥ የሚጻፈው አድራሻ 16 ቢት ነበር። በ1975 የወጣው ፒዲፒ-11/70 እስከ 4 ሜጋባይት ሜሞሪ ሊሰካበት ይችል ነበር። ሆኖም በላዩ ላይ የሚሠራ እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚያየው ለትእዛዞቹ 64 ኪሎባይት፣ ለመረጃው ሌላ 64 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ትልቁ ሜሞሪ ብዙ ፕሮግራሞችን ጎን ለጎን ለማሠራት ረዳ እንጂ አንዱን ፕሮግራም አላሰፋውም። የማሽኑ ቤተሰብ ንድፍ አውጪዎች ከነበሩት መካከል ጎርደን ቤልና ዊልያም ስትሬከር በ1976 በጻፉት ጽሑፍ፣ በኮምፒዩተር ንድፍ ውስጥ ከሚፈጸሙት ስሕተቶች ለማረም የሚያስቸግረው የአድራሻን ቢት ማሳነስ መሆኑን ገልጸዋል። በ1977 ፒዲፒ-11ን ለመተካት የወጣው ማሽን ስሙ ቫክስ ሲሆን፣ አኅጽሮቱ የምናባዊ አድራሻ ማራዘሚያ ማለት ነው። ስሙ ራሱ የቀድሞውን ጉድለት ይመሰክራል።

ኢንቴል በ1978 ባወጣው 8086 ላይ ሌላ ዘዴ ሞከረ። ሬጂስተሮቹ 16 ቢት ሆነው ሳለ አድራሻው 20 ቢት እንዲሆን ተፈለገ። ለዚህም አድራሻው በሁለት ቁጥር እንዲጻፍ ተደረገ፤ የመጀመሪያው ቁጥር በ16 ተባዝቶ ሁለተኛው ይደመርበታል። ለምሳሌ ያህል የመጀመሪያው 1,000 ሁለተኛው 50 ቢሆን አድራሻው 16,050 ነው። የመጀመሪያው 1,003 ሁለተኛው 2 ቢሆንም መልሱ ያው 16,050 ነው። አንድ ሣጥን በብዙ ስም መጠራቱ ፕሮግራም ጸሐፊዎችን ለብዙ ዓመታት አስቸግሯል። በ1981 የወጣው የአይቢኤም የግል ኮምፒዩተር ከዚህ አንድ ሜጋባይት ውስጥ የላይኛውን 384 ኪሎባይት ለስክሪንና ለመሰል መሣሪያዎች ስለያዘው፣ ለፕሮግራም የቀረው 640 ኪሎባይት ነበር።

ሁለት ዓይነት አድራሻ

እስካሁን ስለ አድራሻ ስንናገር አንድ ዓይነት ብቻ ያለ አስመስለናል። ዛሬ በምንጠቀምባቸው ኮምፒዩተሮች ላይ ግን ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው በተሰካው ሜሞሪ ላይ ያለው አካላዊ አድራሻ ነው። ሁለተኛው ፕሮግራሙ የሚጠራው ምናባዊ አድራሻ ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም ሜሞሪው በሙሉ የራሱ እንደሆነ አድርጎ ከ0 ጀምሮ ይቆጥራል። ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ አድራሻ 5,000ን ቢጠሩ የሚደርሱት ወደ ተለያዩ ሣጥኖች ነው። በመካከል ሆኖ የሚተረጉመው ፕሮሰሰሩ ሲሆን፣ የሚተረጉምበትን ሠንጠረዥ የሚያዘጋጅለት ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው።

ትርጉሙ በየባይቱ ቢሆን ኖሮ ሠንጠረዡ ከሜሞሪው ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ሜሞሪው በገጽ ይከፈላል፤ የተለመደው የገጽ መጠን 4,096 ባይት ነው። በባለ 32 ቢት ኢንቴል ላይ የአድራሻው የታችኛው 12 ቢት በገጹ ውስጥ ያለውን ቦታ ያመለክታል፤ የላይኛው 20 ቢት የገጹ ቁጥር ነው። ለጊዜው ሜሞሪ ውስጥ ቦታ ያጣ ገጽ ወደ ዲስክ ሊወሰድና ሲፈለግ ሊመለስ ይችላል። በኛ ተቋም 2 ጊጋባይት በነበረ ጊዜ ፕሮግራሙ ያዘግም የነበረው በዚሁ ምልልስ ነው። ሜሞሪው ሲጨመር ምልልሱ ቀነሰ፤ ምናባዊው አድራሻ ግን አልተጨመረም።

ይህ እንዲህ ከሆነ፣ ባለ 32 ቢት ፕሮግራም 4 ጊጋባይት ማግኘት አይገባውምን? ብሎ አንባቢው ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም በዚያው ምናባዊ አድራሻ ውስጥ አብሮ መቀመጡ ነው። አንድ ፕሮግራም ፋይል ክፈትልኝ ወይም ይህን ጻፍልኝ ብሎ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን በጠራ ቁጥር ሠንጠረዡ በሙሉ ቢለወጥ ብዙ ጊዜ ይባክናል። አብሮ ከተቀመጠ ግን መለወጥ አያስፈልግም። ድርሻው ስንት ይሁን በሚለው ላይ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አልነበረም። ቫክስ ግማሹን ለፕሮግራሙ፣ ግማሹን ለሲስተሙ ሰጠ። ባለ 32 ቢት ሚፕስ ፕሮሰሰር ላይ ደግሞ ክፍፍሉ በፕሮሰሰሩ ራሱ ውስጥ የተወሰነ ስለሆነ፣ ምንም ዓይነት ኦፕሬቲንግ ሲስተም ቢጫንበት ፕሮግራሙ ከ2 ጊጋባይት በላይ አያገኝም። በ1993 የወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ በኢንቴልም በሚፕስም ላይ እንዲሠራ የታቀደ ስለነበረ ግማሽ በግማሹን ያዘ። ሊኑክስ በባለ 32 ቢት ኢንቴል ላይ በተለመደው አኳኋን ለፕሮግራሙ 3፣ ለራሱ 1 ጊጋባይት ይይዛል። በሰን ኩባንያ አልትራስፓርክ ላይ የሚሠራው ባለ 64 ቢት ሶላሪስ ግን ሲስተሙን በሌላ የአድራሻ ስፋት ስላስቀመጠው፣ ባለ 32 ቢት ፕሮግራም 4 ጊጋባይቱን ከሞላ ጎደል በሙሉ ያገኛል።

እንግዲህ ያው 32 ቢት በአንዱ ዘንድ 2፣ በሌላው 3፣ በሌላው ወደ 4 ጊጋባይት የሚጠጋ ሆነ ማለት ነው። ተማሪ በፈተና ላይ 4 ጊጋባይት ብሎ ቢመልስ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን የጠየቅነው ስለ አድራሻው ነው ወይስ ስለ ፕሮግራሙ? የሚለውን መለየት ይኖርብናል።

ከዚህ ጋር የሚምታታ አንድ ነገር አለ። በ1995 የወጣው ፔንቲየም ፕሮ አካላዊ አድራሻውን ወደ 36 ቢት አሳድጎ እስከ 64 ጊጋባይት ሜሞሪ እንዲሰካ ፈቅዷል። ምናባዊው አድራሻ ግን በ32 ቢት ቀረ። የፒዲፒ-11/70 ታሪክ ከ20 ዓመት በኋላ ተደገመ ማለት ነው።

ባዶ የመሰሉት ቢቶች

በዚህ ጉዳይ ውስጥ እጅግ ደስ የሚለን ክፍል ይህ ነው። አይቢኤም በ1964 ያስታወቀው ሲስተም/360 አድራሻን በ32 ቢት ቦታ ላይ ይጽፍ ነበር፤ በሥራ ላይ የሚውለው ግን የታችኛው 24 ቢት ብቻ ነበር። ይህም 16 ሜጋባይት ይሆናል፤ በዚያን ዘመን ማንም የማይሞላው ተደርጎ የሚታሰብ መጠን ነው። የላይኛው 8 ቢት ባዶውን ቀረ። ሜሞሪ ውድ ነበርና ፕሮግራም ጸሐፊዎች ባዶውን ቦታ እንዲሁ ሊተዉት አልፈለጉም፤ ልዩ ልዩ ምልክት አኖሩበት። ፕሮሰሰሩ ስለማያየው ምንም ጉዳት አልነበረውም። ጉዳቱ የመጣው አድራሻውን ማራዘም ባስፈለገ ጊዜ ነው። ትናንት ምልክት የነበረው ዛሬ የአድራሻ ክፍል ሆኖ ሊነበብ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ማራዘሙ ሲፈጸም አዲሱ አድራሻ 32 ቢት ሳይሆን 31 ቢት ሆነ። አንዷ የላይኛዋ ቢት ፕሮግራሙ በአሮጌው ነው ወይስ በአዲሱ አድራሻ የሚሠራው? የሚለውን ለመለየት ተያዘች፤ ቀድሞም በብዙ ፕሮግራሞች ዘንድ የዝርዝር መጨረሻን ለማመልከት ታገለግል ነበር። በዚህም ምክንያት በእነዚያ ትልልቅ ማሽኖች ላይ ወሰኑ እስከ 2000 ድረስ 2 ጊጋባይት ሆኖ ቆየ።

ይህ ከታየ በኋላ ስሕተቱ አይደገምም ማለት ይቻል ነበር። ሆኖም በ1979 የወጣው ሞቶሮላ 68000 ሬጂስተሩ 32 ቢት፣ የአድራሻ መስመሩ 24 ነበርና በ1984 የወጣው የአፕል ማኪንቶሽ ሲስተም በላይኛው 8 ቢት ላይ ምልክቶቹን አኖረ። ሜሞሪው በጣም ጥቂት ስለነበረ እያንዳንዷ ባይት ትቆጠብ ነበር፤ ልንፈርድባቸው አይገባም። ነገር ግን 32ቱንም መስመር የሚጠቀሙ ፕሮሰሰሮች ሲመጡ አሮጌዎቹ ፕሮግራሞች ተሰናከሉ፤ የአንዳንዶቹ ማሽኖች ሮም ራሱ አልሠራም አለ። በ1991 የወጣው ሲስተም 7 ነው ሙሉውን አድራሻ የፈቀደው።

ሌላም ረቂቅ ስሕተት አለ። ባለ 32 ቢት ቁጥር የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለው ሆኖ ሲነበብ፣ ከ2,147,483,647 በላይ ያለው ሁሉ ከዜሮ በታች ይሆናል። ፕሮግራሞች አድራሻን እንዲህ አድርገው ካነበቡ፣ ከ2 ጊጋባይት በላይ ያለው አድራሻ ከታችኛው ያነሰ መስሎ ይታያቸዋል። በዊንዶውስ ላይ ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ትልቁን አድራሻ መቀበል እንደሚችል በፋይሉ ላይ ካላስታወቀ በስተቀር፣ ባለ 64 ቢት ሲስተም ላይ እንኳ ቢሠራ ከ2 ጊጋባይት በላይ የማይሰጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ካስታወቀ እስከ 4 ጊጋባይት ይሰጠዋል።

ባለ 64 ቢት ሲባልስ?

በ64 ቢት የሚጠሩት ባይቶች ብዛት 18,446,744,073,709,551,616 ነው። ይህን ቁጥር በሙሉ በሥራ ላይ የማያውሉ ፕሮሰሰሮች ግን አሉ። በ2003 በገበያ ላይ የዋለው የኤኤምዲ ኦፕቴሮን፣ ኢንቴልም በኋላ የተከተለው፣ በምናባዊ አድራሻው ላይ የሚጠቀመው 48 ቢት ብቻ ነበር። ቁጥሩ እንዲሁ የተመረጠ አይደለም። እያንዳንዱ የሠንጠረዥ መሥመር 8 ባይት ይወስዳል፤ ሠንጠረዡ ራሱ አንድ ገጽ ማለትም 4,096 ባይት እንዲሆን ተፈልጓል። 4,096 ለ8 ሲካፈል 512 ነው፤ 512 ለመቁጠር 9 ቢት ይበቃል። ሠንጠረዦቹ አራት ደረጃ ቢኖራቸው 4 ጊዜ 9 ሲደመር በገጹ ውስጥ ላለው ቦታ 12፣ 48 ይሆናል። አምስት ደረጃ ሲሆኑ 57 ይመጣል፤ ኢንቴል በቅርብ ዓመታት ያወጣቸው የሰርቨር ፕሮሰሰሮች ይህን ይቀበላሉ። ሪስክ-ፋይቭ በተባለው ንድፍ ላይ ደግሞ ባለ ሦስት ደረጃው 39 ቢት ነው። መምህሩ ለተማሪዎቹ 8፣ 4,096ንና የደረጃዎቹን ቁጥር ብቻ ሰጥቶ ቀሪውን ራሳቸው እንዲደርሱበት ሊያደርግ ይችላል።

48 ቢት 256 ቴራባይት ነው። በኢንቴልና በኤኤምዲ ላይ ግማሹ ለሲስተሙ ስለሚሄድ ለፕሮግራሙ 128 ቴራባይት ይቀራል። በባለ 64 ቢት አርም ላይ ፕሮሰሰሩ ለፕሮግራሙና ለሲስተሙ ሁለት የተለያዩ ሠንጠረዦች ስለሚይዝ፣ ባለ 48 ቢት በሆነው አሠራር ፕሮግራሙ 256 ቴራባይቱን በሙሉ ሊያገኝ ይችላል። በ39 ቢት ሪስክ-ፋይቭ ላይ የሚሠራ ሊኑክስ ግን ለፕሮግራሙ የሚሰጠው 256 ጊጋባይት ብቻ ነው። ሦስቱም ባለ 64 ቢት ይባላሉ።

ከ48 በላይ ያሉት 16 ቢቶች ምን ይሆናሉ? ቢባል፣ የአይቢኤምና የማኪንቶሽ ታሪክ እዚህ ላይ ይመለሳል። የኤኤምዲ ንድፍ የላይኛዎቹ ቢቶች ሁሉ የ48ኛዋን ቢት ግልባጭ እንዲሆኑ ያስገድዳል። ማንም ምልክት ቢያኖርባቸውና በዚያው አድራሻ ሜሞሪ ቢጠራ ፕሮሰሰሩ አይቀበልም፤ ፕሮግራሙን ያቆመዋል። አርም በበኩሉ ሲስተሙ ከፈቀደ የላይኛውን 8 ቢት ሳያይ የሚያልፍበት አሠራር አለው። የቀድሞው ስሕተት በሕግ ተፈቀደ ማለት ነው። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? ለሚለው እኛ ወደ መጀመሪያው እናደላለን፤ ተቃራኒውን የሚያስረዳ ባልደረባ ቢኖር ግን ክርክሩ ለተማሪዎች የሚጠቅም ይሆናል።

ወደ ተቋማችን ጉዳይ እንመለስ። በነዚያ ኮምፒዩተሮች ላይ የነበረው ሲስተም ባለ 32 ቢት ሆኖ ክፍፍሉ ግማሽ በግማሽ ነበር። ከተሰካው 4 ጊጋባይት ውስጥ እንኳ ሲስተሙ ያየው ከ3 ጊጋባይት ጥቂት የሚበልጠውን ነው፤ የቀረውን አካላዊ አድራሻ የስክሪን ካርድና ሌሎች መሣሪያዎች ይዘውታል። ፕሮግራሙ የቆመው ደግሞ 2 ጊጋባይቱን ሳይሞላ ነው። ይህ በመጀመሪያ ግራ አጋባን። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። ፕሮግራሙ ትልቅ ሠንጠረዥ ለመክፈት የሚፈልገው ተከታታይ ቁጥር ያላቸውን አድራሻዎች ነው። በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ 60 ባዶ ወንበር እዚህም እዚያም ቢኖር፣ ጎን ለጎን ካልሆንን አንቀመጥም የሚሉ 40 ተማሪዎች ቦታ የለም ብለው ይመለሳሉ። አካላዊዎቹ ገጾች ተበታትነው ቢቀመጡ ሠንጠረዡ ያያይዛቸዋል፤ የምናባዊ አድራሻን መበታተን ግን የሚያያይዝ የለም።

ፕሮሰሰሩ ከመጀመሪያውም ባለ 64 ቢት ነበር። ይህን ያወቅነው የሲስተሙን መግለጫ ከፍተን ባነበብን ጊዜ ሲሆን፣ ንባቡ ከአምስት ደቂቃ በላይ አልወሰደም። ሲስተሙም ውጤት የሚያጠናቅረውም ፕሮግራም በባለ 64 ቢቶቹ ተተኩ፤ ሁለቱም መተካት ነበረባቸው። ሲስተሙ ብቻ ተለውጦ ፕሮግራሙ አሮጌው ቢሆን በ2 ጊጋባይቱ ላይ በቆመ ነበር። የሠልጣኞቹ ውጤት በዚያው ሳምንት ተለጠፈ፤ የተገዛውም ሜሞሪ ሥራ አገኘ።

ለክፍል የሚሆን አንድ ጥያቄ እንተዋለን። አፕል በሚሠራቸው የአርም ፕሮሰሰሮች ላይ የሚሠራው ሲስተም የሚጠቀምበት የገጽ መጠን 4,096 ሳይሆን 16,384 ባይት ነው፤ የሠንጠረዡ መሥመር ግን እንደ ሌሎቹ 8 ባይት ነው። ሠንጠረዡ አንድ ገጽ የሚሞላ ቢሆን በአንድ ደረጃ ስንት ቢት ይቆጠራል? ሦስት ደረጃ ቢኖርስ ምናባዊው አድራሻ ስንት ቢት ይሆናል? ሁለተኛው መልስ 47 ካልመጣ፣ ተማሪው በገጹ ውስጥ ላለው ቦታ የሚያስፈልገውን ቢት በ12 እንዳላስቀረው ይመልከት።